አንድሮሜዳ፦ ስሟ ያልደረሰበት የሌለ «የኢትዮጵያ ልዕልት»

እዚህ አገር የሚያድጉ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ውስጥ የግሪክ አፈ ታሪክ ያነባሉ። ዜዩስ፣ ሄርኩለስ፣ ሜዱሳ ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። በዚያው ተረት ውስጥ «የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ» የምትባል አንዲት ልዕልት አለች፤ አንድሮሜዳ ትባላለች። ብዙ ልጅ አንብቦ ያልፋታል፤ ቤት ሲመጣም የሚነግረው የለም። ስሟ ግን ያልገባበት የለም፦ ሰማይ ላይ፣ ረግረግ ውስጥ፣ ጦር መርከብ ላይ፣ ፊልም ላይ። እስቲ ዛሬ አብረን እንከተላት።

ተረቱ ምን ይላል?

ንጉሡ ሴፊየስ፣ ንግሥቲቱ ካሲዮፔያ ይባላሉ። ካሲዮፔያ አፏን መቆጠብ አልቻለችም፤ በውበት ከባሕር ቆነጃጅት ሁሉ እንበልጣለን ብላ ተመጻደቀች። የባሕሩ አምላክ ፖሴይዶን ይህን ሰምቶ ተቆጣና አገሩን የሚያጠፋ የባሕር አውሬ ላከ። ንጉሡ መፍትሔ ቢጠይቅ «ልጅህን ለአውሬው ስጥ» ተባለ። እናት በተናገረችው ልጅ ከፈለች፤ አንድሮሜዳ ባሕር ዳር ከቋጥኝ ጋር በሰንሰለት ታሰረች። ደግነቱ ፐርሲየስ የተባለ ጀግና በዚያ ሲያልፍ አያት፤ አውሬውን ገደለና አገባት።

የትኛዋ ኢትዮጵያ?

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ለጥንት ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ማለት ፊታቸው በፀሐይ የጠቆረ ሰዎች አገር ማለት ነበር። ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩ ነበር፤ በተለይም ዛሬ ሱዳን የምንለውን የኩሽን አገር። ታሪኩን ወደ ኢዮጴ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ያፋ የወሰዱም አሉ። ስለዚህ ለልጆቻችን «ልዕልቲቱ የጎንደር ልጅ ነበረች» ብለን አንዋሽ፤ ተረት ነው። ነገር ግን ስሙን የእኛ ሰዎችም የራሳቸው ካደረጉት ቆይቷል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ በአገሩ ቋንቋ «ሐበሻት» ያለውን በግሪክኛው «ኢትዮጵያውያን» ብሎታል።

ቤተሰቡ ሰማይ ላይ

በ2ኛው ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ይኖር የነበረው ቶለሚ 48 የኮከብ ስብስቦችን መዝግቧል። ንጉሡም፣ ንግሥቲቱም፣ ልጅቷም፣ አማቹ ፐርሲየስም፣ አውሬው ሳይቀር ገብተዋል። እነዚህ ስሞች ዛሬም በሳይንሱ ዓለም ይሠራሉ።

ካሲዮፔያን ለማግኘት ቀላል ነው። አምስት ኮከቦች ናቸው፤ ቅርጻቸው የእኛን ንጉሡ «ሠ» ይመስላል። ሚኒሶታ ላይ ዓመቱን ሙሉ አትጠልቅም። በተረቱ መሠረት ለትዕቢቷ ቅጣት ከነዙፋኗ ሰማይ ላይ ትዞራለች፤ አንዳንዴም ተዘቅዝቃ።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የልጅቷ ጋላክሲ ነው። አንድሮሜዳ ጋላክሲ ከእኛ ወደ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ማለትም ዛሬ ዓይናችን የሚያርፍበት ብርሃን ከዚያ የተነሣው ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ያም ሆኖ ጨለማ ባለበት ቦታ ያለ መነጽር ይታያል። የፋርሱ ሊቅ አል ሱፊ በ964 ዓ.ም. ገደማ (ቁጥሩ እንደ አውሮፓ ነው) «ትንሽ ደመና» ብሎ ጽፎታል።

ርቀቱ እንዴት ታወቀ? በአባቷ በኩል ነው! በንጉሥ ሴፊየስ የኮከብ ስብስብ ውስጥ በተወሰነ ጊዜ የምትደምቅና የምትደበዝዝ ኮከብ አለች። እንደ እሷ ያሉት ሁሉ በንጉሡ ስም «ሴፊይድ» ተባሉ። ሄንሪየታ ሌቪት የተባለች አሜሪካዊት በ1912 እነዚህ ኮከቦች ደምቀው እስኪደበዝዙ የሚወስዱት ጊዜ በረዘመ ቁጥር ትክክለኛ ድምቀታቸው እንደሚጨምር አሳየች። አምፖሉ ስንት ዋት እንደሆነ ካወቃችሁ፣ ከሩቅ ሲደበዝዝ አይታችሁ ርቀቱን መገመት ትችላላችሁ፤ ነገሩ እንደዚያ ነው። በ1923 ኤድዊን ሐብል ካሊፎርኒያ ላይ ሆኖ አንድሮሜዳ ውስጥ አንድ ሴፊይድ አገኘ። ደመና የተባለው ነገር ከእኛ ጋላክሲ ውጭ ያለ ሌላ ጋላክሲ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። አባትየው ልጁ የት እንዳለች ጠቆመ እንደማለት ነው።

እዚሁ ሚኒሶታ ውስጥ

ሰማዩ ከራቃችሁ መሬት ላይም አለች። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኒየስ በ1732 ላፕላንድን ሲያስስ ረግረግ ውስጥ ቆማ ሐምራዊ አበባ ያበበች ትንሽ ተክል አየ። እግሯ ውሃ ውስጥ፣ ዙሪያዋን እንቁራሪት። የታሰረችውን ልዕልት አስታወሰችውና ስሟን ሰጣት። ይህች ተክል በሰሜን ሚኒሶታ ረግረጎች በሽ ናት። እንግሊዝኛ ስሟ የረግረግ ሮዝመሪ ማለት ነው፤ ቅጠሏም የጥብስ ቅጠል ይመስላል። አደራ ግን! መርዝ አላት፤ መርዙም በእሷው ስም አንድሮሜዶቶክሲን ተብሏል። ምግብ ቤት ያለኝ ሰው ነኝና እለምናችኋለሁ፣ ጥብስ ላይ እንዳትሞክሯት።

ሌላም አለ። ሩሲያ የተማራችሁ የየፍሬሞቭን የ1957 ልብ ወለድ «አንድሮሜዳ ኔቡላ» ታውቁት ይሆናል። ማይክል ክራይተን በ1969 ከጠፈር ስለመጣ ተሕዋስ የጻፈው መጽሐፍም በስሟ ነው። እንግሊዞች በ1982 የፎክላንድ ጦርነት ያሰለፉት አንድ የጦር መርከብም አንድሮሜዳ ነበር።

ስሟ ቀረ፣ መልኳስ?

ስሟ ይህን ያህል ሲዞር መልኳ መንገድ ላይ ቀርቷል። የሮማው ገጣሚ ኦቪድ በአንድ ሥራው እንደ አገሯ ሰው ጠይም እንደነበረች ጽፏል፤ በሌላው ደግሞ ከእብነ በረድ ሐውልት ጋር አመሳስሏታል። ቲሺያን፣ ሩበንስና ሬምብራንት ነጭ አድርገው ሣሏት። ሆሊውድ ደግሞ አገሯንም ቀየረው፦ «ክላሽ ኦቭ ዘ ታይታንስ» በ1981 ሲሠራ የኢዮጴ፣ በ2010 ሲሠራ የአርጎስ ልዕልት ሆነች። ኢትዮጵያ የሚለው ከሁለቱም ወጣ። ታዲያ ልጆቻችን ፊልሙን አይተው ይህች ልጅ ከእነሱ አገር ስም ጋር መነሣቷን በምን ይወቁ?

አቦል

ደስ የሚለው ነገር መጨረሻ ላይ ነው። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር ከ100 በላይ ለሆኑ አገሮች ለአንድ ኮከብና ለአንድ ፕላኔት ስም የማውጣት ዕድል ሰጠ። ኢትዮጵያ ኮከቡን «ቡና»፣ ፕላኔቱን «አቦል» አለችው። ኮከቡ የሚገኘውስ የት ነው? በአንድሮሜዳ የኮከብ ስብስብ ውስጥ! ወደ 200 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ለማየት መነጽር ያስፈልጋል። ፕላኔቱ ከጁፒተር ይበልጣል። ግሪኮች ስማችንን በተረት ወደ ሰማይ ሰቀሉት፤ እኛ ደግሞ በራሳችን ቋንቋ ቡናችንን እዚያው አፈላን። የመጀመሪያው ተረት ነው፤ ይህ ግን በመዝገብ የሰፈረ ሐቅ ነው። እንግዶቼ «አቦል ምንድን ነው?» ሲሉኝ መልሴ አሁን ረዝሟል።

እንዴት እናሳያቸው?

በኖቬምበር አጋማሽ፣ በዚህ አገር ሰዓት ከምሽቱ 9 ገደማ፣ አንድሮሜዳ ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች። ከከተማው መብራት ራቅ በሉ። መጀመሪያ «ሠ»ን ፈልጉ፤ ከሁለቱ ማዕዘኖች ጠበብ ያለው ወደ ጋላክሲው ይጠቁማችኋል። ተራ ባይናኩላር ካላችሁ ያዙ። ብርዱን ከፈራችሁ ሴንት ፖል ያለው ቤል ሙዚየም ፕላኔታሪየም አለው፤ ልጆቹን ይዛችሁ ግቡ።

ውጭ ከወጣችሁ ግን ጃኬትና በፔርሙዝ ቡና አትርሱ። ለልጆቹ ተረቱን ተረት፣ እውነቱን እውነት ብላችሁ ለይታችሁ ንገሯቸው። ሁለቱም የሚያኮራ ነው፤ መጨመርም መቀነስም አያስፈልገውም።