ሳላሪየምና ጨው፦ የሮማ ወታደር በጨው ይከፈለው ነበርን?

የጥንት ሮማ ወታደሮች ደመወዛቸውን በጨው ይቀበሉ ነበር የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ ከመደጋገሙ የተነሣ ማስረጃ የማያሻው እውነት መስሎ ኖሯል። የአባባሉ መነሻ ‹ሳላሪየም› የተባለው የላቲን ቃል ሲሆን፣ ይኸው ቃል በጣሊያንኛና በስፓኒሽ ሳላሪዮ፣ በፈረንሳይኛ ሳሌር፣ በፖርቱጋልኛና በሩማንያኛም ሳላሪዩ ተብሎ እስከ ዛሬ ደመወዝን ያመለክታል። ቃሉ ጨው ማለት ከሆነው ‹ሳል› ከሚለው ስም መውጣቱ አያከራክርም፤ ስሕተቱ የሚጀምረው ከቃሉ ሥር ብቻ ተነሥቶ ስለ ወታደሩ ኑሮ ታሪክ ሲጻፍ ነው።

ወታደሮች በጨው ይከፈላቸው ነበር ብሎ በግልጽ የጻፈ የጥንት ደራሲ የለም። የወታደሩ መደበኛ ደመወዝ ‹ስቲፔንዲየም› ይባል ነበር፤ የሚሰላውም በገንዘብ ሲሆን፣ በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን የአንድ ተራ እግረኛ የዓመት ደመወዝ 225 ዲናር፣ ማለትም 225 የብር ሳንቲም ነበር፤ በኋላም ድምጥያኖስ ቄሣር ወደ 300 ከፍ አድርጎታል። በግብፅ የተገኘ የመጀመሪያው መቶ ዓመት የፓፒረስ ሰነድ ደግሞ ከዚሁ ደመወዝ ላይ የምግብ፣ የጫማና የልብስ ዋጋ እየተቀነሰ ይመዘገብ እንደነበር ያሳያል።

የጨውን ታሪክ የሚደግፉ ሰዎች በዋናነት የሚጠቅሱት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ79 ዓ.ም. የቬሱቪዮስ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የሞተውን ሮማዊ ደራሲ ታላቁን ፕሊኒን ነው። ፕሊኒ ‹የተፈጥሮ ታሪክ› በተባለው ሥራው 31ኛ መጽሐፍ ስለ ጨው ጥቅም ሲዘረዝር፣ ጨው በሹመትና በጦር አገልግሎትም ስፍራ እንዳለውና ሳላሪየምም ስሙን ከዚያ እንዳገኘ በጨረፍታ ያነሣል፤ ጨው ለማን፣ መቼና ምን ያህል ይሰጥ እንደነበር ግን አንዳች አይናገርም። ይህን አጭር ንግግር ወደ ሙሉ የደመወዝ ሥርዓት መለጠጥ ጽሑፉ ከሚሸከመው በላይ መጫን ነው።

ከዚህ ይልቅ ሚዛን የሚደፋው የቃሉ አሠራር ነው። በላቲን ‹አሪየም› የሚለው መድረሻ ለአንድ ጉዳይ የሚሰጥን አበል ሊያመለክት ይችላል፤ ካልኬያሪየም የጫማ፣ ቬስቲያሪየም የልብስ፣ ክላቫሪየም የጫማ ምስማር መግዣ ነበሩ። በዚህ መንገድ ሳላሪየም ‹የጨው አበል› ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን ከአሠራሩ የተገኘ ግምት ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1879 የታተመው የሉዊስና የሾርት የላቲን መዝገበ ቃላት ለወታደሮች የሚሰጥ የጨው ገንዘብ ብሎ እንደ እርግጠኛ ነገር ስለ መዘገበው ብዙዎች ሳይጠራጠሩ ተቀበሉት። መዝገበ ቃላቱ እንኳ ያለው የጨው መግዣ ገንዘብ እንጂ ጨው ራሱን አይደለም። ቃሉ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ሲገኝም ተቀባዮቹ ተራ ወታደሮች ብቻ አይደሉም፦ ሱዌቶኒዩስ ኔሮን ቄሣር ለደኸዩ መኳንንት የመደበውን የዓመት ድጎማ፣ ታሲተስም የአገረ ገዥን ክፍያ በዚሁ ስም ይጠሩታል።

አሞሌ ጨው ገንዘብ ሆኖ ሲያገለግል ለኖረበት ለኢትዮጵያ አንባቢ የሮማው ተረት እንግዳ አይሆንበትም፤ ነገር ግን አሞሌ በገበያ መዋሉን በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የመጣው ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝ አይቶ መስክሯል፣ ለሮማው ጨው ግን እንዲህ ያለ የዓይን ምስክር የለም።

ወታደርን የሚያመለክቱት የጣሊያንኛው ሶልዳቶ፣ የስፓኒሹ ሶልዳዶና የፈረንሳይኛው ሶልዳ ‹ጨው መስጠት› ከሚል ሐረግ ወጡ የሚለው ደግሞ ከቶ መሠረት የለውም። ምንጫቸው ‹ሶሊዱስ› (ጽኑ ማለት ነው) የተባለውና ቆስጠንጢኖስ በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያስቀረጸው፣ ከአንድ የሮማ ፓውንድ ወርቅ 72 የሚወጣው የወርቅ ሳንቲም ነው፤ ወታደሩም ስሙን ያገኘው በገንዘብ ተከፍሎት የሚያገለግል ሰው ከመሆኑ ነው። ከዚሁ ሳንቲም በስፓኒሽ ደመወዝ ማለት የሆነው ሱዌልዶ፣ በጣሊያንኛ ገንዘብ ማለት የሆነው ሶልዲ፣ ከጣሊያንኛውም የትግርኛው ሰልዲ ወጥተዋል።