የልብ ሐኪሙ ሥራ ሲፈልግ

በአሜሪካ አገር የልብ ሐኪም ለመሆን የሚሻ ወጣት ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰ በኋላ 4 ዓመት በኮሌጅ፣ 4 ዓመት በሕክምና ትምህርት ቤት፣ 3 ዓመት በውስጥ ደዌ፣ ከዚያም ቢያንስ 3 ዓመት በልብ በሽታ ትምህርት ይቈያል። ብዙውን ጊዜ ከምስክር ወረቀቱ ጋራ ከባድ የትምህርት ዕዳ ይዞ ይወጣል። ሥራ ግን አያጣም፤ ገና ሳይጨርስ ፈላጊዎቹ ደብዳቤ ይጽፉለታል። ማመልከቻ ይዞ ከበር ወደ በር ለሚዞረው የእኛ ተመራቂ ይህ ተረት ሳይመስለው አይቀርም።

ከፈላጊዎቹ አንዱ የጋራ ሐኪም ቤት ነው። ብዙ ሐኪሞች ገንዘብ አዋጥተው ሕንፃውን፣ የራጅ መሣሪያውንና መዝገብ ቤቱን በጋራ ይዘው ይሠሩበታል። በሚኒሶታ ያለው ዝነኛው ማዮ ክሊኒክ ሐኪሞቹን በደመወዝ ያኖራል። ሌሎቹ ዘንድ ግን የተቈረጠው ደመወዝ ብዙ ጊዜ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ክፍያው በሥራው ልክ ይሆናል። ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1992 ጀምሮ ለእያንዳንዱ የሕክምና ሥራ ነጥብ ስለ ሰጠ፣ የብዙ ሐኪሞችም ገቢ የሚሰላው በነጥብ ነው። በሽተኛውን አረጋግቶ ማነጋገር ጥቂት ነጥብ፣ በደም ሥር ቱቦ አስገብቶ ልብን መመርመር ብዙ ነጥብ ያስገኛል። (በነጥብ መኖር ምን እንደ ሆነ ተማሪዎቼን ጠይቋቸው!)

ወጣቱ በውሉ ላይ አስቀድሞ የሚያየው የደመወዙን ቍጥር ነው። እኔ ብሆን የመጨረሻዎቹን ገጾች አስቀድሜ አነብ ነበር። በዚያ፣ ሥራውን ቢለቅ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት በአካባቢው እንዳይሠራ የሚከለክል አንቀጽ ብዙ ጊዜ ይገኛል። በካሊፎርኒያ እንዲህ ያለው አንቀጽ አይጸናም፤ በብዙ ግዛቶች ግን ይጸናል። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን በ1924 ሳይሆን ከመቶ ዓመት በኋላ በ2024 ሊሽረው ደንብ አውጥቶ ነበር፤ የቴክሳስ ፍርድ ቤት አገደው። እንግዲህ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስገባ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋራ ባይስማማ፣ ወይ አንገቱን ደፍቶ ይሠራል፣ ወይ ቤተሰቡን ጭኖ ከተማውን ይለቃል። በሽተኞቹም ሐኪማቸውን ያጣሉ። ከሄደ በኋላ ስለ ቀድሞ ሥራው ክስ ቢመጣበት የመድኑን ዋጋ ማን እንደሚከፍልም እዚያው ተጽፏል።

ባለድርሻ ትሆናለህ የሚለው ተስፋም አለ። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ቤቱን ለሆስፒታል ወይም ለባለ ገንዘብ ኩባንያ ቢሸጡት፣ ገና ድርሻ ያልገዛው ወጣት ባዶ እጁን ይቀራል። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር እንደ ቈጠረው፣ በሐኪሞች በተያዙ የግል ሐኪም ቤቶች የሚሠሩት በ2012 ከመቶው 60 ነበሩ፤ በ2024 ግን 42 ብቻ ሆነዋል።

ስለዚህ ከመፈረሙ በፊት አንድ ነገር ቢጠይቅ ደግ ነው፤ ከእርሱ በፊት በዚያ ወንበር የተቀመጠው ሐኪም ለምን ለቀቀ? ስልኩንስ ይሰጡት ይሆን?