ከጠባቡ አድራሻ ወደ ሰፊው፦ የኢንተርኔት ሽግግር ለምን ዘገየ?



በመስከረም 1998 ዓ.ም. የአገራችን የስልክ ቁጥሮች ረዘሙ። የዲላ መለያ ቁጥር ከ06 ወደ 046 ተለወጠ፤ ባለ ስድስት አኃዙ የደንበኛ ቁጥርም ሰባት አኃዝ ሆነ። ኢንተርኔትም የቁጥር ጥበት ገጥሞታል፤ መፍትሔው ከተገኘ ሩብ ምዕተ ዓመት ቢያልፍም ሽግግሩ ግን ዛሬም አልተጠናቀቀም። ለምን?

ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ መሣሪያ ሁሉ መልእክት የሚላክለትና የሚልክበት አድራሻ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 የተደነገገው አይፒቪ 4 አድራሻን በ32 ቢት ስለሚጽፍ፣ ያሉት አድራሻዎች 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ናቸው፤ ይህም ከዓለም ሕዝብ ቁጥር ያነሰ ነው። የዓለም አቀፉ ቋት የመጨረሻ ክምችቶች ለአምስቱ አህጉራዊ መዝጋቢዎች የተከፋፈሉት እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የአፍሪካው መዝጋቢ አፍሪኒክም በ2017 የቀረውን በቁጠባ ማደል ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው አይፒቪ 6 ግን 128 ቢት በመጠቀም 340 ትሪሊዮን ትሪሊዮን ትሪሊዮን ያህል አድራሻዎችን ይሰጣል።

የመዘግየቱ ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ሁለቱ ሥርዓቶች በቀጥታ አይግባቡም፤ አሮጌውን ብቻ የሚያውቅ መሣሪያ አዲሱን አድራሻ ማንበብ አይችልም። ሁለተኛ፣ ስልካችንን የለወጠው አንድ ተቋም ነበር፤ ኢንተርኔት ግን በአንድ ቀን ተለወጥ ብሎ የሚያዘው ባለቤት የለውም። ሦስተኛ፣ ብዙ ደንበኞች አንድ አድራሻ የሚጋሩበት ዘዴ ችግሩን ሸፍኖታል። ቀድሞ የሚሸጋገር ወጪውን ወዲያው ይከፍላል፤ ጥቅሙን የሚያገኘው ግን ሌሎች ሲከተሉት ነው።

መጋራት ግን ዋጋ አለው። እንበልና ኮንጋ በሚገኝ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የማብላያ ገንዳውን ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ተከልን። መሣሪያው የራሱ አድራሻ ከሌለው ወደ ውጭ መላክ እንጂ ከውጭ በቀጥታ መጠየቅ አይችልም። ስለዚህ ሌላ ቦታ፣ ብዙ ጊዜም በባሕር ማዶ፣ አገናኝ ሰርቨር እንከራያለን፤ የገዛ መረጃችንን ዞረን የምናገኘው በክፍያ ነው። ከዚህም በላይ፣ አንዱ ተጋሪ ባጠፋው ጥፋት አድራሻው ሲታገድ ንጹሐኑም አብረው ይታገዳሉ። ማንኛውም ሰው አገልግሎት ተቀባይ ብቻ ሳይሆን አገልግሎት ሰጪም እንዲሆን የተፈጠረው ኢንተርኔት፣ ዘግይተን ለደረስነው የመቀበያ መስኮት ብቻ ይሆንብናል።

የሚያዋጣው መንገድ ሁለቱን ሥርዓቶች ጎን ለጎን ማስኬድ፣ አሮጌውንም ቀስ በቀስ ማሰናበት ነው። አዲስ መሣሪያ ስንገዛ አይፒቪ 6ን በሚገባ መደገፉን በግዢ ሰነዱ ላይ እንጠይቅ። እናንተም ፕሮግራም ስትጽፉ ለአድራሻ 15 ቁምፊ ብቻ የሚይዝ ቦታ አትተዉ፤ አዲሱ አድራሻ እስከ 39 ቁምፊ ይደርሳልና። ትንሽ የምትመስለው ይህች ስሕተት ነገ ሥርዓቱን በሙሉ እንደገና ታስገነባለች።

የስልኩን ለውጥ ሌላ ወስኖልን በአንድ ሌሊት ተሻገርን። ይህኛውን ግን የሚያሻግረን የእያንዳንዳችን የዕለት ሥራ ነው።