የመጻሕፍት አደራደርና የተማሪ ሠራተኞች ሥልጠና በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት

በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቦታውን ስቶ የተቀመጠ መጽሐፍ እንደ ጠፋ ይቈጠራል። እንዲያውም ከጠፋው የባሰ ጕዳት አለው ማለት ይቻላል። የጠፋው መጽሐፍ ተመዝግቦ በምትኩ ሌላ ሊገዛ ሲችል፣ ቦታውን የሳተው ግን በካታሎጉ «አለ» እየተባለ አንባቢን ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ሲያንከራትት ይኖራል። ካታሎጉ ከካርድ ወደ ኮምፒዩተር መዛወሩም ችግሩን አላስወገደውም፤ ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው መጽሐፉ በውሰት አለመውጣቱን እንጂ ማን የት እንዳስቀመጠው አይደለም።

መጻሕፍትን ወደ ቦታቸው የመመለሱ ሥራ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው በትርፍ ጊዜያቸው በሰዓት ሒሳብ ለሚሠሩ ተማሪዎች ነው። በአሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የኤኮኖሚ ዕድል ሕግ ለችግረኛ ተማሪዎች የሥራ ክፍያ የመንግሥት ድጎማ እንዲሰጥ በመደንገጉ አሠራሩ በሕግ የተደገፈ ሆኖአል። ተማሪን መቅጠሩ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው፣ ለካታሎግ ዝግጅት በሙያው የሠለጠነ ሰው ተመድቦ ሳለ፣ የዚያን ሰው ድካም ከፍሬ የሚያደርሰውን ወይም ከንቱ የሚያስቀረውን ሥራ በግማሽ ሰዓት ገለጻ ለአዲስ ተማሪ ማስረከብ ነው።

ስሕተቱ በአብዛኛው ከስንፍና የሚመነጭ አይደለም። ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው የዐሥርዮሽ አመዳደብ መሠረት የኢትዮጵያ ታሪክ በ963 ሥር ይመደባል። አንድ አዲስ ሠራተኛ 963.1፣ 963.05 እና 963.055 የተለጠፈባቸው ሦስት መጻሕፍት ቢሰጡት፣ ከነጥቡ በኋላ ያለውን 1፣ 5፣ 55 ብሎ በማንበብ በዚሁ ተራ ይደረድራቸዋል። ትክክለኛው ተራ ግን 963.05፣ 963.055፣ 963.1 ነው። ዐሥርዮሽን በሒሳብ ትምህርት በሚገባ ያለፈ ተማሪ እንኳ በመደርደሪያ ፊት ሲቆም ይህን ይዘነጋል። በሥልጠናው ጊዜ ዜሮ እየጨመረ አኃዞቹን እኩል አድርጎ እንዲጽፋቸው (963.050፣ 963.055፣ 963.100) ቢደረግ፣ ነገሩ በዐይኑ ስለሚታየው ዳግመኛ አይሳሳትም። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሥርዓት ደግሞ በአንዱ መለያ ውስጥ ሁለቱንም አነባበብ ስለሚቀላቅል የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የመጀመሪያው ቁጥር እንደ ሙሉ ቁጥር፣ ከነጥቡና ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ግን እንደ ዐሥርዮሽ ይነበባል።

የአማርኛ መጻሕፍት በደራሲ ስም በፊደል ተራ ሲደረደሩ ሌላ እንቅፋት ይመጣል። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ ንግግር አንድ ድምፅ ቢሆኑም፣ በፊደል ገበታ ሀ 1ኛ፣ ሐ 3ኛ ሲሆኑ ኀ ከሁለቱም ርቆ ይገኛል። ሠ 5ኛ ነው፣ ሰ 7ኛ። የአንድ ደራሲ ስም በአንዱ ሽፋን ላይ «ሀዲስ»፣ በሌላው «ሐዲስ» ተብሎ ሊታተም ይችላል። ኢትዮጵያዊ በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም ስለማይጠራ፣ የፈረንጅ አሠራር የለመደ እጅ ደግሞ መጽሐፉን በአባት ስም ፊደል ሊያውለው ይችላል። እነዚህን ጉዳዮች የመወሰን ሥልጣን የካታሎግ ባለሙያው ብቻ ነው። ተማሪው በጀሮው እየፈረደ ወይም ሽፋኑን እያየ ሳይሆን፣ በመጽሐፉ ጀርባ የተለጠፈውን መለያ ተከትሎ እንዲያስቀምጥ መጠበቅ አለበት። መለያው የተሳሳተ ከመሰለው መጽሐፉን ለይቶ ለኃላፊው ያቀርባል።

ሥልጠናው ከጋሪ ቢጀመር ይመረጣል። ተማሪው አስቀድሞ መጻሕፍቱን በጋሪው ላይ በተራ ያሰናዳል፤ ይህ ሲታረም ወደ መደርደሪያው ያልፋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባስገባው መጽሐፍ ሁሉ ውስጥ ጫፉ ወደ ውጭ የወጣ ባለ ቀለም ወረቀት ይተዋል። ኃላፊው ወረቀቶቹን ተከትሎ ይመረምርና ስሕተት ሲያገኝ ራሱ ዝም ብሎ አያስተካክለውም፤ ተማሪውን ጠርቶ በቦታው ላይ ያሳየዋል። ይህ የኃላፊውን ጊዜ የሚሻማ መሆኑ አይካድም፤ ቢሆንም አንድ የጠፋ መጽሐፍ ለመፈለግ ከሚባክነው ሰዓት ያነሰ ነው።

ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ለያንዳንዱ ተማሪ የታወቀ ክፍል ቢመደብለት፣ ተራውን በየጊዜው እያነበበ የሚያርመው ራሱ ይሆናል። የተራ ንባብ ዐይንን የሚያሰለች ሥራ በመሆኑ በአንድ ጊዜ ከ1 ሰዓት ባይበልጥ ይሻላል።

ሆኖም ሠራተኛው የቱንም ያህል ቢሠለጥን፣ ጢም ብሎ በሞላ መደርደሪያ ላይ ሥርዓት ሊጠበቅ አይችልም። በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ሩብ ያህል ባዶ ቦታ ካልተተወ መጽሐፉ የሚገባው ተራው ወዳለበት ሳይሆን ክፍተት ወዳለበት ነው። አንባቢዎችም ያነበቡትን ራሳቸው ከመመለስ ይልቅ በጠረጴዛ ላይ እንዲተዉ ቢነገራቸው መልካም ነው።

የሥራ ድልድሉ የሚፈተነው በፈተና ሰሞን ነው። መጻሕፍት ከምንጊዜውም በበለጠ ከመደርደሪያ የሚወርዱት ያን ጊዜ ሲሆን፣ የሚመልሷቸው ተማሪዎችም ለራሳቸው ፈተና የሚቀመጡት ያኑ ጊዜ ነው። ስለዚህ የሠራተኞቹ ፈረቃ በሴሚስተሩ መጀመሪያ የፈተና ፕሮግራማቸው ታይቶ ሊወጣ፣ ለዚያ ሰሞንም ቋሚ ሠራተኞች ከሌላ ክፍል ሊዛወሩ ይገባል።