አረንጓዴው ውሃ የትኛው ይበላል?

 

ሉማሜና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ከብት የሚጠጣበትን ኩሬ አስቡ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ሲበረታ ውሃው አረንጓዴ ይለብሳል። ይህ የውሃ ሽበት ነው፤ በትምህርት ቤት አልጌ ይባላል። ሥር የለው፣ ቅጠል የለው። ግን እንደ ጤፉ በፀሐይ ብርሃን ያድጋል።

ይህ ይበላል ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ።

ዘሩ ግን ብዙ ነው። የሚበላው ስፒሩሊና የሚባለው ነው። የሚወደው ሶዳ የበዛበትን ሞቃት ውሃ ነው። በአገራችን በጪቱ ሐይቅ፣ ቢሾፍቱ አጠገብም አረንጓዴ በሚባለው ሐይቅ ተገኝቷል።

በቻድ ሐይቅ ዳር የካነም ሴቶች ከጥንት ጀምረው ያዘጋጁታል። ከኩሬ እየጨለፉ አሸዋ ላይ ያፈሱታል። ውሃው ይሰርጋል፤ አረንጓዴው እንደ ቂጣ ይደርቃል። ቆርሰው ወጥ ይሠሩበታል። ስሙን ዲሄ ይሉታል።

ደርቆ ከ100 ግራም ውስጥ 60 ግራም ያህሉ ሰውነት ገንቢ ፕሮቲን ነው። የባቄላ 25 ያህል ነው። ታዲያ ሽሮ ቀረ ማለት ነው? የለም! ባቄላ በጭልፋ ይበላል፤ ይህ ግን በማንኪያ ነው። በአንድ የሻይ ማንኪያ የሚገኘው ፕሮቲን 2 ግራም ገደማ ነው። ደጋፊ እንጂ ዋና ምግብ አይሆንም።

የሚመረተው ጥልቀቱ ከስንዝር እምብዛም በማይበልጥ ገንዳ ነው። ንጹህ ውሃ፣ ሶዳ፣ ጨውና የተመጠነ ማዳበሪያ ይገባበታል። ከዚያ ንጹህ ዘሩ ይጨመራል። በየጊዜው ይማሰላል። ሲበዛ በጨርቅ ይጠለላል፣ ይጨመቃል፣ ይደርቃል። የእርሻ መሬት አይሻማም፤ ጭንጫ ላይም ገንዳ ይሠራል። የሚስማማው ሙቀት ግን ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ነው። የእኛ ሌሊት ይበርደዋል። ለደጋ በላስቲክ የተሸፈነ ገንዳ ያስፈልጋል፤ እሱም ወጪ አለው።

አሁን ልብ በሉ። «የኩሬያችንም አረንጓዴ ነው» ብላችሁ እንዳትቀምሱ! ጨው በሌለው ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ማይክሮሲስቲስ የሚባል ሌላ ዘር አለ። በቆቃ ሐይቅ ታይቷል። ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያወጣል፤ ከብትም ሊገድል ይችላል። በዓይን ብቻ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። «አፍልቼ እጠጣዋለሁ» አትበሉ፤ መርዙ በመፍላት አይጠፋም። ውሃው እንደ ቀለም አረንጓዴ ከሆነ ከብቱን ወደ ሌላ ውሃ ንዱ። ልጆችም እንዳይዋኙበት ከልክሉ።