ተረትና እውነታ፦ ከኬንያ አብልጠን ስለገነባን በልጠናል?

ፒያሳን ከ2016 ዓ.ም. በፊት ብቻ የሚያውቅ ሰው ዛሬ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ቢወርድ አካባቢው ይጠፋበታል። የአድዋ ድል መታሰቢያ ቆሟል፣ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈር የለም። ይህን ያየ ብዙ ሰው አንድ ድምዳሜ ላይ ይደርሳል፦ ኢትዮጵያ ከጎረቤቷ ከኬንያ የበለጠ ትገነባለች፤ ስለዚህ በሀብት ቀድማታለች። የመጀመሪያው ግማሽ ለዓመታት እውነት ነበር። ከ«ስለዚህ» ወዲያ ያለው ግን ማስረጃ የለውም።

መጀመሪያ የሚቆጠረው ምን እንደሆነ እንለይ። ቋሚ ካፒታል ማለት ከዓመት በላይ እያገለገለ ሌላ ነገር ለማምረት የሚረዳ ንብረት ነው። ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች አንዱን እንውሰድ። በመስታወቱ ውስጥ የተደረደረው ቀለበትና ሐብል ስንት ሚሊዮን ብር ቢያወጣም ለሽያጭ የተቀመጠ ዕቃ እንጂ ቋሚ ካፒታል አይደለም። ከጓዳ ወርቁን እየዳመጠ የሚያሳሳው ማሽን ግን ነው። በሊዝ ጨረታ የተከፈለ የመሬት ዋጋም አይቆጠርም፤ የቆየ ሕንፃ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲዛወርም ከደላላና ከውል ወጪው በቀር አገር ላይ የተጨመረ ነገር የለም። «ቦታ ገዛሁ፣ ኢንቨስት አደረግሁ» የሚለው አነጋገር ለግለሰቡ ልክ ነው፤ ለአገር ሒሳብ አይሠራም።

አሁን ወደ ንጽጽሩ። በ2007 በጀት ዓመት ግድም የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት፣ ማለትም በዓመቱ ለቋሚ ካፒታል የዋለው ወጪ፣ ከጥቅል የአገር ውስጥ ምርቷ ወደ 40 በመቶ ተጠግቶ ነበር፤ ኬንያ 20 በመቶ አካባቢ ስትንቀሳቀስ ቆይታለች። የእኛ ከዚያ ወዲህ ወርዶ በ2015 ከሩብ በታች ሆኗል፤ የድሮው ርቀት ዛሬ የለም። በዚያ ከፍታ ላይ እያለም ቢሆን ድርሻ ድርሻ ነው። ለምሳሌ የአንዱ አገር ሰው በአማካይ 100፣ የሌላው 200 ቢያገኝ፣ የመጀመሪያው 40 በመቶውን፣ ሁለተኛው 20 በመቶውን ቢያውል ለእያንዳንዱ ሰው የተገነባው እኩል 40 ነው። የኬንያዊው አማካይ ገቢ ከእኛ በግልጽ ይበልጣል፤ የእኛ ሕዝብ ደግሞ ከእነሱ ከእጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ሁለት እጥፍ ጥረት የነበረውን ልዩነት ላለማስፋት ብቻ ሊውል ይችላል። ጥረቱን አላቃልልም፤ ከደኻ ኑሮ ላይ ያን ያህል ቆርጦ መገንባት ከባድ ነገር ነው።

«እንግዲያው በዶላር እናወዳድር» የሚል ይኖራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በዶላር የተጻፈው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት በወረቀት ላይ በግማሽ ሊቀንስ ተቃረበ፤ ከግድግዳ ላይ አንድ ብሎኬት ሳይነሳ። ይሁንና ዶላሩ ባዶ ቁጥር ነው ማለትም ስህተት ነው። ድንጋዩና ጉልበቱ በብር ይገዛል፤ ተርባይኑ፣ አሳንሰሩና ቁፋሮው የሚሠራበት ማሽን በዶላር ነው የሚመጣው። የግንባታውን መጠን ለማወቅ የአገር ውስጥ ዋጋ፣ ነገ ምን ያህል ማሽን ማስገባት እንደምንችል ለማወቅ ዶላር ይሻላል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የማይቀነሰው ነው። እነዚህ የኢንቨስትመንት ቁጥሮች ጥቅል ናቸው፤ አዲሱን ይደምራሉ፣ ያረጀውን፣ የቆመውንና የፈረሰውን አይቀንሱም። አንድ ሰፈር ፈርሶ በቦታው ሲገነባ የአዲሱ ሙሉ ዋጋ ይመዘገባል፤ የፈረሱት ሱቆችና ቤቶች ዋጋ ከዚያ ላይ አይነሳም። አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የሚያበቃው የቀላል ባቡር መስመር መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ፕሮጀክቱ በጠቅላላው 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት፣ 41 ባቡሮች ተገዝተውለት ነበር። ከዓመታት በኋላ በመለዋወጫ እጦት ከግማሽ በላዩ ቆመ። በኢንቨስትመንት መዝገብ ላይ ግን 41ዱም እንደተገዙ ናቸው። እዚያው ሰፈር ከመቶ ዓመት በላይ እንግዳ ሲቀበል የኖረው ጣይቱ ሆቴል ደግሞ ለዛሬ ኢንቨስትመንት ቁጥር ምንም አይጨምርም፤ አገልግሎቱ ግን ለትውልዶች ዘልቋል። በ2007 ዓ.ም. እሳት ሲበላውም ጉዳቱ ከዚያ ዓመት ጥቅል ኢንቨስትመንት አልተቀነሰም። ጥገናን የዘነጋ አገር በዚህ መለኪያ ብርቱ ገንቢ መስሎ ሊታይ ይችላል።

«ባንገነባ ኖሮ ዕድገቱ ከየት ይመጣ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ እኔም ባንገነባ ይሻል ነበር አልልም። ለምሳሌ ጅቡቲ የሚያደርሰው የእኛ ሐዲድ በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የኬንያው የሞምባሳ–ናይሮቢ መስመር በናፍጣ ነው። ግን ብድሩም የካፒታሉ ጥላ ነው፦ ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ቀረች፤ ኬንያ በዚያው ዓመት ሁለት ቢሊዮን ዶላር የሚደርሰውን ቦንዷን በውድ ወለድ አዲስ ተበድራ ከፈለች። ሁለቱም ተጨንቀዋል። ልዩነት የሚያመጣው የተገነባው ምን ያህል እየሠራ ነው የሚለው ነው። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመር በሁለቱም አገር ኢንቨስትመንት ውስጥ ተቆጥሯል፣ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮም ለኬንያ ኃይል እያሻገረ ነው። መስመሩ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ውል 200 ነበር።