ኮትሊናችሁ ፕሮሰሰሩ ጋ ሲደርስ ምን ይመስላል?

ለመርካቶ ነጋዴ የሠራችሁት የስቶክ አፕ ርካሽ ስልክ ላይ ከተንቀራፈፈ ማሽን ኮዱን ገልጣችሁ እዩት። በኮትሊን የጻፋችሁት በዴክስ ባይትኮድ ታሽጎ ይጫናል፤ ወደ ማሽን ኮድ የሚቀይረው በአንድሮይድ 5 (2014 እ.ኤ.አ.) ዳልቪክን የተካው አርት ነው። ኦትደምፕ የሚባለው መሣሪያ፣ ምናለሽ ተራ ብረት እንደሚፈታው፣ ሜተዱን በአሴምብሊ ይዘረግፍላችኋል።

አሬይ የሚነበብበትን ቦታ ፈልጉ። መጀመሪያ ርዝመቱ ይጫናል፣ ከኢንዴክሱ ጋር ይነጻጸራል፣ ኢንዴክሱ ከወሰን ካለፈ ወደ ስህተት ይዘለላል። የነል ፍተሻ ግን ብዙ ጊዜ አታገኙም። አርት ሆን ብሎ ይተወዋል፤ ፕሮሰሰሩ ባዶ አድራሻ ሲነካ የሚመጣውን ሲግናል ይይዝና ኤክሴፕሽን ያደርገዋል። እኔ ይህን ብልጠት እወደዋለሁ።

ሜተዱ ምንም ኮድ ካላሳየ አትደንግጡ፤ ከአንድሮይድ 7 ወዲህ እምብዛም የማይጠራ ሜተድ ብዙውን ጊዜ በኢንተርፕሪተር ነው የሚሄደው።